የማለዳ ጸሎትና የዳዊት ንባብ በአገራችን የትምህርት ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጽሑፍ እንድናበረክት በተጠየቅን ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሕንጻዎቹና ስለ ቀድሞ አስተማሪዎች ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን የአንዱ አያት የሆኑ ሽማግሌ ሐሳባችንን ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ በእናንተ ትምህርት ቤት ጧት ጧት ሥራው በምን ይጀመራል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ደወል እንደሚደወል፥ ተሰልፈን ሰንደቅ ዓላማ እንደምንሰቅልና የሕዝብ መዝሙር እንደምንዘምር ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «በእኛ ጊዜ ጧት የሚጀመረው በንባብ ነበር፤ እንዲያውም ትምህርት ቤት የተሠራው ለዚያ ንባብ ነው» አሉን።

ይህ የመጨረሻው ቃላቸው እንቆቅልሽ ስለሆነብን ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣን። ባነበብነውና በጠየቅነው መጠንም ቃላቸው እውነት ሆኖ አገኘነው። በክርስቲያኑ የአገራችን ክፍል ለብዙ መቶ ዓመታት ልጅ ፊደል የሚቈጥረው ከሁሉ አስቀድሞ ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም ሹመት ለማግኘት አልነበረም፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ዳዊቱን ይደግም ዘንድ ነበር እንጂ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ሰባት ጊዜያት ወስናለች። እነዚህም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። ሁሉንም የሚያደርስ መነኵሴ ወይም ካህን ቢሆን ነው፤ እርሻና ንግድ የያዘው ሰው ግን ቢያንስ ነግሁን፥ ማለት የማለዳውን ጸሎት፥ እንዳያስታጕል ይጠነቀቅ ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው በዚያ ሰዓት የሚገልጠው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። መጽሐፉ ከመዝሙራቱ በቀር የነቢያትን ጸሎት፥ መሓልየ መሓልይንና ውዳሴ ማርያምን አብሮ ስለሚይዝ፥ ለአንድ ሰው የሳምንት ጸሎት ሙሉ ስንቅ ነው ለማለት ይቻላል።

አከፋፈሉም ደንብ አለው። መዝሙራቱ አሥር አሥር እየሆኑ ይቈጠራሉ፤ አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ መቶ ኀምሳው እንግዲህ 15 ንጉሥ ይሆናል ማለት ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ቅዳሜ ከ131 እስከ መጨረሻው ይደገማል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መሓልየ መሓልይ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንደዚሁ ለሰባቱ ዕለታት ለየራሳቸው ተከፍሎ ይነበባል። (የሒሳብ አስተማሪያችን 3፥ 3፥ 2፥ 3፥ 2ና 2 ሲደመር 15 መሆኑን አስቀድመው እንደሚያረጋግጡ ስለምናውቅ እኛም ደምረን አይተነዋል።) በዚህ ዓይነት ሳምንቱ በገባ በወጣ ቍጥር መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ይዘለቃል። በሠላሳ ዓመቱ መድገም የጀመረ ሰው ስድሳ ሲሞላው ከ1,500 ጊዜ በላይ አንብቦታል ማለት ነው።

ለዚህ ማለዳ የሚያዘጋጀው ትምህርት የሚሰጠው በየኔታ ዘንድ ነበር። ልጁ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ከጓደኞቹ ጋራ መሬት ላይ ተቀምጦ 26ቱን የግዕዝ ፊደል ከነሰባት ዓይነት ድምፃቸው፥ ማለት 182ቱን፥ በስንጥር እየጠቈመ ይቈጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ ይኸውም ፊደሉን በሌላ ተራ አዘበራርቆ የሚያስጠናና ልጁ በልማድ ብቻ እንዳያነበንብ የሚፈትን ነው። ከዚያ የዮሐንስን መልእክት፥ ቀጥሎ ወንጌሉን፥ በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ይዘልቃል። ሲመሽ ብርሃን ስለሌለ መጽሐፉ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ አቡነ ዘበሰማያትን፥ ጸሎተ ሃይማኖትን፥ ውዳሴ ማርያምን በጨለማ ከየኔታ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። ከሁሉ በኋላ ዳዊት ነው።

ዳዊት መድገም ማለት በዚያን ጊዜ ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጨረሰ እንደ ማለት ነበር። ልጃቸው ዳዊት የደገመላቸው ወላጆች እንደ አቅማቸው ጠላ ጠምቀው እንጀራ ጋግረው ጎረቤት ይጠራሉ፤ ለየኔታም ስጦታ ያቀርባሉ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ወደ እርሻው ቢመለስም፥ ወታደር ቢሆንም፥ ወይም ወደ ዜማ ቤትና ወደ ቅኔ ቤት ቢያልፍም፥ ማለዳ ማለዳ የሚገልጠው መጽሐፍ አለው። ሴቶች ልጆች ግን በየኔታ ዘንድ እምብዛም አይቀመጡም ነበር፤ ዳዊት ደጋሚ የሆኑት በአብዛኛው በቤታቸው መምህር የተቀጠረላቸው የመኳንንት ልጆች ናቸው። ይህን ጕድለት የክበባችን ሴቶች አባሎች በተለይ እንዲጻፍ ስለጠየቁ ጽፈነዋል።

መጽሐፉ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ሽማግሌው የአባታቸውን ዳዊት አውጥተው አሳይተውናል። ከብራና የተሠራ ነው፤ ሽፋኑ በቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው፤ በትከሻ የሚያንጠለጥሉት ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። የጽሕፈቱ ቀለም ጥቍር ሆኖ አርእስቱና ቅዱሳት ስሞቹ በቀይ ተጽፈዋል። እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር አለው። የቅጠሎቹ የታችኛው ማዕዘን በጣት ብዛት ጠቍሮና ሳስቶ ስናየው፥ ይህ ማለዳ በስንት ማለዳ ላይ እንደ ተደራረበ ያን ጊዜ ገባን።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መሣሪያ የታተመው መጽሐፍ ይኸው ዳዊት ነው። የታተመውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. በሮም ከተማ ሲሆን፥ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ከተማ ሰው ነበር። ይህ ሰው በሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ በቋንቋቸው ተማረከና ከእነሱ ተምሮ መጽሐፉን ለማተም በቃ። ነገር ግን የቋንቋውን ስም ተሳስቶ ከለዳዊ ብሎት ነበር። እንግዲህ የፊደላችን የኅትመት ታሪክም የሚጀምረው ከጸሎት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ምስጋናውን ነው፤ አሁን ደግሞ ወደ ችግሩ እንመጣለን። ልጁ ዳዊትን በግዕዝ ጥርት አድርጎ ያነባል፤ ትርጉሙን ግን አያውቀውም። የግዕዝን ቋንቋ አገባብ የሚማረው ቅኔ ቤት ሲገባ ነው፤ የመጻሕፍቱን ምሥጢር በአማርኛ የሚተረጕመው አንድምታም በመጻሕፍት ቤት ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገኝ ነው። እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ከመቶው ጥቂቱ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌውን፥ «አባባ፥ እርስዎ የሚያነቡት ይገባዎት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «በልጅነቴ አልገባኝም። ድምፁን ግን እወደው ነበር። ትርጉሙ ቀስ እያለ በኋላ መጣ፤ ግማሹ ገና አልመጣም» አሉን። በዚህ ጕዳይ ክበባችን ለሁለት ተከፍሏል። እኩሌቶቻችን ሳይገባ መድገም ከንቱ ድካም ነው ስንል፥ እኩሌቶቻችን ደግሞ ሕፃንም ቢሆን የእናቱን ቃል ከመረዳቱ በፊት ድምፁን ያውቃል አልን። ክርክሩ አላለቀም።

ይህን ርቀት ለማቃለል ታላቅ ሥራ የሠራው ኢትዮጵያዊ ሥራውን የፈጸመው ከአገሩ ውጭ ነው። በአውሮፓውያን መጻሕፍት አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው አባ አብርሃም የጎጃም ተወላጅ ሲሆን፥ ብዙ አገር ዞሮ በመጨረሻ ግብፅ ውስጥ ካይሮ ተቀመጠ። በዚያም የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አስላን ደ ሸርቪል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲተረጕም አደረገው። ሁለቱ ሰዎች ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ለሌላ እንግዳ ዘግተው፥ የዓረብኛውን መጽሐፍ ቃል በቃል እያነበቡና እየመረመሩ ዐሥር ዓመት ሠሩ። በአባ አብርሃም እጅ የተጻፈው ትርጉም 9,539 ገጽ ሆነ። ተርጓሚው ግን የድካሙን ፍሬ ታትሞ ሳያየው በወረርሽኝ በሽታ እዚያው ካይሮ ዐረፈ። ጽሕፈቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ዊልያም ጆዌት የተባለ ሰው ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። በሳምንት ሁለት ቀን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተነበበው ንባብ ለብዙ ሰዎች የማለዳ ንባብ ሆነ።

ሌላው ሊረሳ የማይገባው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ይህ ሰው፥ እንደ እሱ ከባርነት ነጻ በወጣችው በአስቴር ጋኖ እየተረዳ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር አሳተመ። የታተመውም በዚሁ በፊደላችን ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተዘጋጀውና እስከ ዛሬ በብዙ ቤት የሚነበበው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የ1954 ዓ.ም. እትም እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ወይም አንዲት የቤት እመቤት ማለዳ መጽሐፍ ገልጠው ያለ መምህር ሊረዱት የሚችሉበት ጊዜ ቀስ በቀስ መጣ።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንለፍ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፥ የውጭ ትምህርት ሃይማኖት ያጠፋል የሚል ሥጋት በቤተ ክርስቲያን በኩል ተነሥቶ ነበር። ነገሩ የተፈታው አስተማሪዎቹ የሃይማኖት ወንድሞቻችን ከሆኑት ከግብፅ ኮፕቶች እንዲመጡ በመደረጉ ነው፤ በዚህም የጳጳሱ የአቡነ ማቴዎስ እጅ ነበረበት። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በእነዚህና በኋላ በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ተማሪው የሚመጣው ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ፥ ሒሳብና ሳይንስ ለመማር ነው። ማለዳው ንባብ ትምህርቱ ራሱ መሆኑ ቀረና ከትምህርቱ በፊት የሚደረግ ሥርዓት ሆነ። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን እንደሚነግሩን፥ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በሰልፍ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ድምፅ ይደግማል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ ከዚያ ወደ ክፍል ይገባል። ግብረ ገብ የሚባልም ትምህርት ነበር።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። የየኔታ ተማሪ ዳዊቱን ሲደግም አንድ ለአንድ ከመጽሐፉ ጋራ ነበር፤ በሰልፉ ላይ ያለው ተማሪ ግን መጽሐፍ በእጁ የለም፤ ከሺህ ድምፅ አንዱ ነው፤ ዘግይቶ ቢመጣ የሚቀጣው ደግሞ ጸሎት ስላስታጐለ ሳይሆን ስለ ዘገየ ነው።

በዚያን ጊዜ ሕጉም ከዚህ ጋራ የተስማማ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብ አገሩን የቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ከፈለ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። ነገር ግን በሰልፉ ላይ የሚቆሙት ልጆች ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ልጆች አልነበሩም።

ስለዚህ ነገር የአንድ ጓደኛችንን አባት ጠይቀናል። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በቁርአን ቤት በእንጨት ሎህ ላይ ተምረዋል፤ በየማለዳውም የሱብሒን ሶላት በቤታቸው ሰግደው ነው የሚመጡት። (እዚህ ላይ ልብ ያልነው ነገር፥ እሳቸውም በልጅነታቸው ያነበቡት ትርጉሙን በማያውቁት ቋንቋ መሆኑን ነው። ቤተ እስራኤሎችም እንደዚሁ ኦሪታቸውንና ዳዊታቸውን ያነቡ የነበረው በግዕዝ ነው።) የትምህርት ቤታቸውን ስም እንዳንጽፍ ነግረው እንዲህ አሉን፤ «አቡነ ዘበሰማያትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ማንም አልመታኝም፤ ማንም አልሰደበኝም። ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ ያህል በገዛ ትምህርት ቤቴ እንግዳ ነበርሁ።» ይህን ሲናገሩ ቍጣ አልነበረባቸውም፤ እኛ ግን ለጥቂት ጊዜ የምንመልሰው ቃል አጣን። ከክበባችን አባሎች ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው።

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ፥ በመንግሥት በሚረዱ ትምህርት ቤቶች የእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኅብረት ጸሎት እንዲጀመር ያዝ ነበር፤ ነገር ግን ወላጅ ካልወደደ ልጁን ከጸሎቱ ለማስቀረት መብት ሰጠው። በአሜሪካ ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ግዛት ሕግ በየማለዳው ቢያንስ ዐሥር የመጽሐፍ ቅዱስ ቍጥሮች ያለ ማብራሪያ እንዲነበቡ ያስገድድ ነበር። አንድ ቤተሰብ ተቃውሞ ከሰሰና ጕዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 17 ቀን 1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በስምንት ድምፅ በአንድ ተቃውሞ፥ እንዲህ ያለው ንባብ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊታዘዝ አይገባም ሲል ፈረደ። ነገር ግን መጽሐፉን እንደ ታሪክና እንደ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር አልተከለከለም አለ።

በእኛ አገር ጸሎቱ ከሰልፉ የወጣው በፍርድ ቤት ክርክር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ የቀድሞው ሕገ መንግሥት ታገደ፤ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥትም ተለያዩ። ሽማግሎቻችን እንደሚተርኩት በብዙ ቦታ በጸሎቱ ፈንታ የመጣው መፈክር ነበር፤ በሰልፍ ቆሞ በአንድ ድምፅ መናገሩ ግን አልቀረም። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፥ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ያዛል።

ታዲያ የማለዳው ንባብ የት ሄደ? ወደ መጣበት ተመለሰ ብለን እናምናለን። ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል ማን ማለዳ እንደሚያነብ ጠይቀን ነበር። አንዲቱ ከእናቷ ጋራ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ሌላው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ሲሆን የጥሞና ጊዜ በሚለው ሰዓት አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ያነባል፤ መጽሐፉ ግን በእጅ ስልኩ ውስጥ ነው። የሚበዙት ደግሞ በማለዳ የሚያነቡት የፈተና ጥያቄ ብቻ መሆኑን በግልጽ ነግረውናል፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆችም ከእነዚህ መካከል አሉ።

ጽሑፋችንን ከመፈጸማችን በፊት ሽማግሌው ሲደግሙ ለማየት ሦስት ሆነን አንድ ሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ ቤታቸው ሄድን። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቃሉን በአፋቸው ያውቁታል፤ ቢሆንም ቅጠሉን በጊዜው ይገልጣሉ። ከመካከላችን ግዕዝ ማንበብ የሚሞክረው ልጅ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ሳለ ድንገት አቆሙና ጠበቁት። እሱም ፈራ ተባ እያለ የሚቀጥለውን መስመር አነበበ። የሚጠብቀውን አላልቶ፥ የሚላላውን አጥብቆ አነበበው። አርመው እንደገና አስነበቡት፤ ከዚያ ቀጠሉ። ሁለተኛውን ንጉሥ ሳይጨርሱ ሰዓታችን ደረሰና እጅ ነሥተን ወጣን።

በማግስቱ ያ ልጅ ለእኛ ሳይነግረን ብቻውን ተመልሶ ሄዶ ነበር። ሲደርስ 31ኛው መዝሙር ላይ አገኛቸው።